ቀድሞ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

ይኸነው ተቀምጦ መቆየት የማይሆንለት ሰው ነው። ቅዳሴ ላይ እንኳ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ያረፍዳል። ሰርግ ሲጠራ ከዳሱ ይገባል፣ ይወጣል፣ የሰውን ፈረስ ልጓም ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። ለቅሶ ቤት ሦስት ጊዜ ቦታ ይቀይራል። ረግቶ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ። እዚያ እጁ ስለሚሠራ እግሩ ያርፋል። አሥራ ሰባት ዓመት የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ የቆየውም በዚህ ይመስለኛል።

ቀበሌያችን ከዘንገና ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ሁለት ሰፈር አለው። ላይ ሰፈር አስፋልቱን ተጠግቶ የተቀመጠ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም እዚያ ናቸው። ታች ሰፈር ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ አልፎ፣ ተዳፋቱን ወርዶ ነው። ይኸነው የላይ ሰፈር ሰው ነው። በወጣትነቱ ቆሰበር፣ ዛሬ እንጅባራ በምትባለው ከተማ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት የሚላክለትን ስንቅ እየበላ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል። ፈተናው ሳይሆንለት ቀረና ወደ ድንቹና ወደ ዲከረንሱ ተመለሰ። ከትምህርት ቤት ይዞ የመጣው የእጅ ጽሑፉን ነው። ፊደሉ እኩል እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል።

የጸሐፊነቱ ሥራ እንዲህ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው የሚናገረው በአዊኛ ነው። ይኸነው ደግሞ የተማረው በአማርኛ ስለሆነ፣ ወደ ወረዳ የሚሄደውን ወረቀት የሚጽፈው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ድንበር ግማሽ ሰዓት ሲጯጯሁ፣ የአንዱ አያት በሌላው አፍ ሲሰደቡ፣ እሱ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» ብሎ ይጽፋል። ሴቶቹ በጎናቸው ሲያጉረመርሙ «ከሴቶችም ሐሳብ ተሰጥቷል» ይላል።

ሌላም ልማድ ነበረው። አንድ ክረምት ዝናብ የመታው ቃለ ጉባኤ አይነበብም ተብሎ ከወረዳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ትዕዛዙ አጀንዳውንና ካቢኔው ያሰበውን ውሳኔ ቅዳሜ ይነግረዋል፤ ይኸነው በደጁ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አጥርቶ ይጽፈዋል። ክፍት የሚተወው የተሰብሳቢውን ቁጥር ብቻ ነው። ትዕዛዙም ማህተሙን ቀድሞ ያሳርፋል። እሁድ ሰው ሲገባ በር ላይ ይፈርማል፣ የማይጽፈው ጣቱን ያትማል፤ የፊርማው ወረቀት ከተጻፈው ገጽ ጀርባ በስቴፕለር ይያያዛል። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ ካቢኔው ያለውን ስለሚያጸድቅ፣ ከስብሰባ በኋላም ከብት የሚጠብቀው ሰው ስለማይቆይ፣ ይህ ማንንም አላስቸገረም። ወይም ማንም አላነበበውም። እኔም ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ አላስታውስም፤ አንድም ቀን አላነበብኩም።

በጥቅምት አሥራ ሰባት፣ እሁድ፣ ስለ ቦኖ ተሰበሰብን።

ከተራራው ሥር ያለው ምንጭ ተሠርቶ ውሃው በቧንቧ ሊመጣ ነበር። የተፈቀደው ግን አንድ ቦኖ ብቻ ነው። ካቢኔው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ይሁን ብሎ አስቧል። ታች ሰፈሮች ደግሞ ተዳፋቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በሰፈራቸው መግቢያ ላይ ካለው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ይሁንልን ይላሉ። ከወረዳ የመጣው የውሃ ባለሙያ አስቻለው ሁለቱንም ቦታ ለክቶ ነበር። «ውሃው ለሁለቱም ይደርሳል፤ ቧንቧው ለአንዱ ነው የሚበቃው። እናንተ ወስኑ» አለ። አስቻለው ወጣት ነው፤ የሌላ አገር ልጅ ስለሆነ አዊኛ አይሰማም። ተናግሮ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። ላይ ሰፈሮች ተማሪዎቹን አነሡ፤ ታች ሰፈሮች ዳገቱን አነሡ። ፀሐይዋ ጠፍታ ከዘንገና በኩል ደመና መጣ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያራገፉ መነሣት ሲጀምሩ ከሴቶቹ በኩል ማናለብሽ ተነሣች።

ማናለብሽ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የታች ሰፈር ሴት ናት። ግራ ክንዷ ከክርኗ በታች ጠማማ ነው።

«ተነሡ እንጂ» አለች። «እኔ ገና አልጀመርኩም።»

አንዳንዱ ሳቀ። ትዕዛዙ «እቴ ማናለብሽ፣ ዝናብ እየመጣ ነው፣ አሳጥሪው» አላት።

«ዝናብማ እኛ ሰፈርም ይዘንባል። እናንተ ሰፈር ብቻ መሰለህ?» አለችና ቀጠለች። «የእኛን ምንጭ ላሟም ትጠጣዋለች፣ ፈረሱም ይጠጣዋል፣ እኛም እንጠጣዋለን። ላሟ ቀድማ ከደረሰች እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ቦኖው ኮሶው ሥር ከሆነ እናንተ ውሃው ይርቃችኋል፤ አውቃለሁ። ግን መንገዳችሁ እስከዚያ ሜዳ ነው፣ በጋሪ ታመጣላችሁ። እኛን ጋሪ አያወጣንም። ነሐሴ ላይ ዳገቱ አንሸራትቶኝ ስወድቅ ጀሪካኑን አልለቀቅኩም። ከተደፋ ተመልሼ መውረዴ ነው ብዬ። እጄ የተሰበረው ለዚያ ነው። ብለቀው ኖሮ እጄ ደህና ነበር። ይኸው ነው።»

ተቀመጠች። ከዚያ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ አያ ሽባባው ሳይነሡ «እውነቷን ነው፤ የእኛ ሜዳ ነው። ይውረድ» አሉና እጃቸውን አነሡ። አንድ ጊዜ እጃቸው ከወጣ የላይ ሰፈርም እጅ ተከተለ። ቦኖው ኮሶው ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ አስቻለውም ቀና ብሎ አጨበጨበ።

ዝናቡ ወረደ። ሰዉ ወደየቤቱ ሮጠ። ይኸነው አዲስ ገጽ ጽፎ የፊተኛውን ሊቀይረው አስቦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት «ቦኖው በትምህርት ቤቱ አጠገብ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ነው። ማህተም አለው፣ ከጀርባው የመቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ አለው። አስቻለው ወደ እንጅባራ የሚመለሰው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ወረቀቱን አንሥቶ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተ። «ጨርሳችኋል አይደል? ጎበዞች» አለ። ትዕዛዙ ዝናቡን ሸሽቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይኸነው አፉን ከፈተ። «ቆይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አስቻለው ትከሻውን መታ አድርጎ «የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል» ብሎት በዝናቡ ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

ይኸነው «ቆይ» አላለውም።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ሚስቱ ሕይወት ናት የነገረችን። ሰኞ ጠዋት ድንች ሊቆፍር ወጣ፤ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ ተመለሰ። ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣ፤ ወረደ። አጥሩን ጠገነ፤ ያልተሰበረውን ቀርከሃ ነቅሎ መልሶ ተከለ። ምሳ ቀርቦለት ቆሞ በላ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

ነገራት።

ሕይወት የምሳውን ሰሃን አነሣች። ከዚያ «ቦኖው ትምህርት ቤቱ ጋ ከሆነ ለእኔ ከበራችን ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ወረዳው ቧንቧውን አሳጠረው ይባላል።»

«ይህንንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ውሃው በሬ ላይ ይውረድ፤ አንተን ግን እንዲህ ስትዞር ማን ይችልሃል? ሂድና ንገራቸው። እኔ በጋሪው አመጣለሁ።»

ማክሰኞ እንጅባራ ሄደ። አስቻለውን ቢሮው አገኘውና ሁሉንም ነገረው። አስቻለው ፋይሉን አውጥቶ ገጹን አየ፣ ይኸነውን አየ።

«እኔ ሲያጨበጭቡ ይህን አጸደቁ ብዬ ነው እኮ።»

«ሌላውን ነው ያጸደቁት።»

«አቶ ይኸነው፣ ማህተም ያለበትን፣ የመቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ ያለበትን በአንድ ሰው ቃል ልሽረው አልችልም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ቢለኝስ? አዲስ ቃለ ጉባኤ፣ አዲስ ፊርማ ያምጡልኝ። ዓርብ ከቀትር በፊት። ከዚያ በኋላ ዕቃው በዚህኛው ይወጣል።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ትዕዛዙ ቤት ሄደ። ትዕዛዙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማህተሙ የእሱ ነው፣ ቤቱም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው።

«በአዝመራ ማን ይሰበሰብልሃል?» አለው። «ሐሙስ ማርያም ናት፤ ያን ዕለት ብቻ ነው ሰው የሚገኘው። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን አቆምልሃለሁ። የሆነውን ግን አንተ ትናገራለህ። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«ማህተሙንም እኮ ቀድመን ነው ያሳረፍነው።»

ትዕዛዙ ጉንጩን አከከ። «እሱንም ተናገረው እንግዲህ» አለ።

ይኸነው በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። የሰው ንግግር ይጽፋል እንጂ ንግግር የለውም። ረቡዕ ታች ሰፈር ወረደና ማናለብሽን ከምንጩ አፍ አገኛት። የሆነውን ነገራትና «እሁድ ያልሽውን ሐሙስ ደግመሽ ብትናገሪ፣ ሰዉ ያዝንልሻል» አላት።

ጀሪካኑን አስቀመጠች። «እኔ ሰው እንዲያዝንልኝ ስንት ጊዜ ልናገር? አንዴ ተናግሬያለሁ። ጸሐፊው አንተ አይደለህም? ያልኩትን አንተ በልልኝ።»

«እኔ እንዳንቺ አልችልም።»

«ዳገቱንም እኔ እችለዋለሁ አላልኩም» አለችና ጀሪካኑን በደህናው ትከሻዋ ላይ አንሥታ ሄደች። ይኸነው ልርዳሽ ብሎ ተከተላት፤ አልሰጠችውም። እስከ አጥሯ ድረስ ባዶ እጁን ከኋላዋ ሄደ።

ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆምን። ትዕዛዙ «ይኸነው የሚነግራችሁ አለ» ብሎ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ይኸነው ብዕር አልያዘም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ከኋላው፣ አንዴ ጋቢው ውስጥ ይከታቸዋል። በአዊኛ ጀመረ። ቃለ ጉባኤው ቅዳሜ እንደተጻፈ፣ ማህተሙም ቅዳሜ እንዳረፈ፣ እሁድ የወሰንነው ሌላ እንደነበረ፣ አስቻለው ሲያነሣው አይቶ ዝም እንዳለ ተናገረ።

መጀመሪያ የገባው አልነበረም። ከዚያ ከወንዶቹ መካከል አንዱ «ከመቼ ጀምሮ ነው ቅዳሜ የምትጽፈው?» አለ።

«ወረቀቱ ዝናብ ከመታው ክረምት ጀምሮ። አሥር ዓመት ይሆነዋል።»

«ታዲያ እኛ አሥር ዓመት እሁድ እሁድ ምን ልንሠራ መጣን? አልጋዬ ላይ አልተኛም ነበር?»

ሳቅ ሆነ። ሌላው ግን አልሳቀም። «የወል ግጦሹን ውሳኔም እንዲህ ነው የጻፍከው?»

«እሱንም። ግን ያን ጊዜ የወሰናችሁት ያንኑ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

ይኸነው ወዲያና ወዲህ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየና «እሁድ ማናለብሽ ያለችውን እደግመዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ትወስናላችሁ» አለ። ላሟን ተናገረ፣ ፈረሱን ተናገረ፣ ጋሪውን ተናገረ። «ነሐሴ ላይም ዳገቱ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ» ብሎ ሊጨርስ ሲል ከሴቶቹ መካከል የማናለብሽ ድምፅ መጣ።

«እንደዚያ አላልኩም።»

ይኸነው ወደ ድምፁ ዞረ።

«ወድቄ ተሰበረ አላልኩም። ጀሪካኑን አልለቀቅኩም ነው ያልኩት። የምትጽፈውም እንዲህ እያሳጠርክ ነው?»

«ጀሪካኑን አልለቀቀችም» አለ ይኸነው። «ከተደፋ ተመልሳ መውረዷ ስለሆነ። ብትለቀው እጇ ደህና ነበር።»

«አሁን ልክ ነው» አለች።

እሁድ ቶሎ የወጣው የላይ ሰፈር እጅ ግን በዚህኛው ቀን ከበደ። ወረዳ ያለው ወረቀት ለእነሱ የሚፈርድ ነው፤ ዝም ቢሉ ቦኖው የእነሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አያ ሽባባው ዞረ። አያ ሽባባው በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«እሁድ እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቤት ስገባ ግን ምራቶቼ አወረዱት። ውሃውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። እንግዲህ እኔ አልፈርምም። ሌላው እንደፈቀደ።»

ከላይ ሰፈር ሃያ ሦስት ሰው ከእሳቸው ጋር ቆመ። የቀረው ተከፋፈለ፤ አንዳንዱ ወደ ይኸነው ቀረበ፣ አንዳንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ይኸነው እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ባዶ ወረቀት አወጣና መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ መስመሩ ይወርዳል። ሕይወት ቀድማ ፈረመች፤ እሷን አይተው ሌሎች የላይ ሰፈር ሴቶች መጡ። ስንቆጥር ስምምነቱን የፈረመው ዘጠና አራት ሰው ሆነ።

ማናለብሽ መጨረሻ ላይ መጣች። ቀለሙን አልነካችም። «አንብብልኝ» አለችው።

በአማርኛ አነበበላት።

«በእኛ ቋንቋ።»

ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መለሰላት። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመችው።

«አያ ሽባባው ፈርመዋል?»

«አልፈረሙም።»

«ታዲያ ሙሉው የት አለ?»

«እቴ ማናለብሽ፣ ወረዳው ተቃውሞ ያለበትን ይመልሳል። ነገ ነው ቀኑ። ቦኖውን ልታጪው ነው።»

«ቅዳሜ የተጻፈ ውሸት ነው እኮ እዚህ ያደረሰን። አሁን እኔ ጣቴን የውሸት ላይ ላሳርፍ? ሃያ አራት ሰው እምቢ ብሏል ብለህ ጻፍ። አያ ሽባባው ለምን እምቢ እንዳሉም ጻፍ።»

ይኸነው ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ትዕዛዙን አየ፤ ትዕዛዙ ወደ ተራራው አየ። መጨረሻ ላይ ያንን መስመር ሰርዞ ከሥሩ «ሃያ አራት ሰዎች ውሃው ከቤታቸው ስለሚርቅ አልተስማሙም፤ ከእነሱም አያ ሽባባው ውሃውን የሚያመጡት ምራቶቻቸው እንደሆኑ ተናግረዋል» ብሎ ጻፈ። ማናለብሽ ጣቷን አተመች። ትዕዛዙ ማህተሙን አሳረፈ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከፊርማው በኋላ።

ዓርብ ይኸነው እንጅባራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገባ። አስቻለው ሥርዙን አየ፣ ሃያ አራቱን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «እንዲህ ያለ አምጥተውልኝ አያውቁም» አለና ወደ ኃላፊው ቢሮ ይዞት ገባ። ይኸነው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረለት፤ አልተቀመጠም። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከበሩ እስከ ደረጃው ተመላለሰ፤ ጽዳት የምትሠራው ሴት «አባቴ፣ ይህን ወለል አሁን ነው የወለወልኩት» እስክትለው።

አስቻለው ወጣ። ኃላፊው ጠይቆት ነበር፤ ያልተስማሙት ሰዎች ሥራው ላይ ችግር ያመጣሉ ወይ ብሎ።

«ምን አልከው?» አለ ይኸነው።

«የሚያመጡ ቢሆን አይጽፉትም ነበር አልኩት። ፈርሟል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ታች ሰፈር ቦዩን መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ከላይ ሲታይ ለስላሳ ነው፤ ሁለት ክንድ ከወረዱ በኋላ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይኸነውም ዶማ ይዞ ወረደ። ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ጸሐፊ ይፈለግ ወይም አይፈለግ ገና አልወሰነም ነበር፤ ቁፋሮው ላይ ያ ወሬ ይወራል፣ እሱ እየሰማ ይቆፍራል። ሰው አርፎ ሲቀመጥ እሱ የቦዩን ዳር ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ችካሎቹ ወደ ኮሶው እንደሚወርዱ አይቶ ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል።

ረፋዱ ላይ አያ ሽባባው ዶማ በትከሻቸው ይዘው በጋሪው መንገድ ሲመጡ ታዩ። ሥራው ቆመ። ወደ ይኸነው ቀረቡ።

«ያልኩትን ጽፈኸዋል?»

«ጽፌዋለሁ፣ አያ።»

«የምራቶቼንም?»

«የምራቶችዎንም። ወረዳው አንብቦታል።»

«እንግዲያ እኔ ተናግሬያለሁ» አሉ። ጋቢያቸውን ካንዱ ችካል ላይ ሰቀሉ፣ ቦዩ ውስጥ ለመግባት እጃቸውን ዘረጉለት። ይኸነው ይዞ አወረዳቸው። «እስቲ ያንን ድንጋይ ከዚያ በኩል ያዝልኝ፤ አንተ ደግሞ ዝም ብለህ አንድ ቦታ ቁም» አሉት።